የስኪ ጀልባ ከነተጎታቹ ባለሁለት መኪና ጋራዥ ውስጥ ይገባል? የሚኒሶታ ልጆች እስቲ ሐሳብ አምጡ

ሐይቅ_ዳር | ብሩክሊን ፓርክ፣ ሚኒሶታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ያገለገለ የስኪ ጀልባ ገዛሁ፤ ውሃ ላይ በስኪ የሚንሸራተት ሰው የሚጎትተውን ዓይነት። የ90ዎቹ ማስተርክራፍት ነው፤ 19 ጫማ፣ ሞተሩ መሐሉ ላይ የተቀመጠ። ሻጩ ወደ አሪዞና እየሄደ ስለነበር ዋጋው አሪፍ ነበር። የቀረኝ ማደሪያው ነው። የሰፈራችን ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ጀልባ ድራይቭዌይ ላይ እንዲያድር አይፈቅድም። የመጋዘን ኪራይ ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ፣ ዊንተር ሲመጣ ዋጋውም አብሮ ይመጣል።

ልኬቱ ይኸው። ጋራዡ ከውስጥ ጥልቀቱ 22 ጫማ፣ ስፋቱ 20 ጫማ ከ4 ኢንች። በሩ 16 በ7፣ መሐል ላይ ነው። ጀልባው ተጎታቹ ላይ ሆኖ ከኋላው መርገጫ እስከ ተጎታቹ አፍንጫ 23 ጫማ ከ4 ኢንች። ሰፊው ቦታ የተጎታቹ ፓራፋንጎ ላይ ነው፣ ድፍን 8 ጫማ። ቁመቱ አያሳስበኝም። ታወር (ከላይ የሚቆም የመጎተቻ ቅስት) የለውም፣ መስታወቱም ከመሬት 6 ጫማ አይሞላም።

ያሰብኩት ሰያፍ አድርጌ ላስገባው ነው። ጥግ ለጥግ ስለካው ወደ 30 ጫማ ይመጣል። ባለቤቴ ግን “የኔ መኪና ውጭ ካደረች አንተም አብረሃት ታድራለህ” ብላለች። RAV4 ስለሆነች ትንሽ መኪና አይደለችም። ምን ትላላችሁ?

ቤቲ_ሴንትፖል | ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ሥራ የምገባ ነርስ ነኝ። ጃንዋሪ ላይ ጨለማ ውስጥ የመኪና በረዶ ስትፍቅ የነበረች ሴት ስለ ጀልባ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት ልነግርህ አልችልም።

ቀልዱን ትተን፣ ጀልባው ውሃው በደንብ ከወጣለት ብርዱ ምንም አያደርገውም። መኪናዋ ግን በየቀኑ መነሳት አለባት። ጋራዥ ውስጥ ማን ይቅደም ከተባለ መኪናዋ ትቅደም። ጀልባው በተረፈው ቦታ ይብቃቃ።

ጋራዥ_በር | ሚኒያፖሊስ

ወንድም፣ ሥራዬ የጋራዥ በር መግጠም ነው፤ ይሄን ጥያቄ ጀልባ ያለው ሁሉ ይጠይቀኛል። ሰያፉን እርሳው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ሰው ሁሉ ጥግ ለጥግ ለክቶ ደስ ይለዋል። ጀልባ ግን ገመድ አይደለም፣ ስፋት አለው። ባለ 22 ጫማ ርዝመትና 8 ጫማ ስፋት ነገር እንውሰድ፤ ፊቱ እንደ ተጎታች ክንድ ሹል ነው፣ ኋላው ሰፊ። 10 ዲግሪ ብታዞረው የሚፈልገው ጥልቀት አይቀንስም፤ ወደ 22 ጫማ ከ4 ኢንች ይጨምራል። የኋላው አንዱ ጥግ ወደ በሩ ይወጣብሃላ። 20 ዲግሪ ስታደርሰው ገና መነሻህ ላይ ነህ፣ 22 ጫማ። ትርፍ የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። 30 ዲግሪ ላይ 21 ጫማ ይሆናል። ይህ ሁሉ ለአንዲት ጫማ ነው! በዚያ ላይ በጎኑ 14 ጫማ ተኩል ይይዛል። RAV4ቷ የት ልትገባ ነው? ከጣሪያ ልትሰቅላት ካልሆነ በቀር።

ሰያፍ የሚያዋጣው ጋራዡ ለጀልባው ብቻ ከሆነ ነው። ያኔም አጥብቀህ ካዞርከው ብቻ። ትንሽ ዘንበል ማድረግ ከቀጥታው ይብሳል።

አሁን ወደ ቀጥታው ልምጣ። ሦስት ነገር ንገረኝ።

መርገጫው በፒን የሚወጣ ዓይነት ነው ወይስ በብሎን የታሰረ? ከጀልባው አፍንጫ ጫፍ እስከ ተጎታቹ መንጠቆ ስንት ነው? ሦስተኛው ትልቁ ነው፦ 22 ጫማውን የለካኸው በሩ ተዘግቶ ነው ተከፍቶ?

ሐይቅ_ዳር

ተባረክ። መርገጫው በፒን ነው፣ ሁለት ፒን መንቀል ነው። መርገጫው ብቻውን 20 ኢንች ነው። ከአፍንጫው እስከ መንጠቆው 2 ጫማ ከ2 ኢንች። የለካሁት በሩ ተከፍቶ ነው፤ ከኋላ ግድግዳ እስከ በሩ ደፍ። ምን ለውጥ አለው?

ጋራዥ_በር

አለው እንጂ። በሩ ሲዘጋ ደፉ ላይ አይቆምም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቆመው። የበሩ ውፍረት አለ፣ በስተጀርባው የሚሄደው የማጠናከሪያ ብረት አለ፣ ማጠፊያዎቹ አሉ። በሩን ዝጋና ውስጥ ገብተህ ከብረቱ ፊት እስከ ኋላ ግድግዳ ለካ። እንደ በሩ ዓይነት 3፣ 4 ኢንች ትቀንሳለህ።

4 እንበል። እውነተኛው ጥልቀትህ 21 ጫማ ከ8 ኢንች ሆነ። እንግዲህ አብረን እናስላ። መርገጫውን ብቻ ብታወጣ ጀልባህ 21 ጫማ ከ8 ይሆናል። ልክ ከልክ! ወረቀት ላይ ገባ ይባላል፣ በሩ ግን ጀልባውን እየገፋ ነው የሚዘጋው። የተጎታቹን ክንድ ብቻ ብታጥፍ 21 ጫማ ከ2 ነው፤ 6 ኢንች ተረፈህ። ሁለቱንም ብታደርግ 19 ጫማ ተኩል። ከ2 ጫማ በላይ መተላለፊያ አገኘህ ማለት ነው። ዊንተር ላይ አካፋ ለማውጣት በጀልባው ላይ መንጠላጠል የለብህም።

የተጎታቹን ክንድ የሚያሳጥፈው ማጠፊያ መደበኛ ዕቃ ነው። ፉልተን የሚባለው የሚሠራው አለ፤ የሚበየድም በብሎን የሚታሰርም አለው። ስትገዛ የክንድህን ብረት ወርድና ቁመት ለካ፤ በኢንች መግጠም አለበት። የሚሸከመውም ክብደት ከጀልባው፣ ከተጎታቹና ከቤንዚኑ ድምር በላይ መሆን አለበት። በጀልባው ደብተር ላይ የተጻፈው ባዶ ክብደቱ ነው፣ ያንን ብቻ እንዳትይዝ።

ቁም ነገሩ ግን ማጠፊያው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ክሪኩ ከማጠፊያው ኋላ፣ ወደ ጀልባው በኩል መሆን አለበት። ክሪኩ በሚታጠፈው በኩል ከቀረ ስታጥፈው የተጎታቹ ፊት ደጋፊ አይኖረውም፤ መሬት ላይ ይወድቃል። የድሮ ተጎታቾች ላይ ክሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ስለሆነ ወደ ኋላ ማዛወር ሊያስፈልግህ ይችላል።

ዋዩ_ሠራተኛ | ሮቸስተር፣ ሚኒሶታ

የበር ሠሪው ወንድማችን ያልጠቀሰው አንድ ነገር አለ፤ ፍሬኑ። ተጎታችህ ወደ ፊት ሲገፋ በዘይት የሚይዝ ፍሬን ካለው የፍሬኑ ቱቦ በክንዱ ውስጥ ወይም በጎኑ ያልፋል። የመብራቱም ሽቦ እንዲሁ። ለእኔ የገጠመልኝ ሱቅ ቱቦውን ትርፍ ሳይተው ነበር ያሰረው። አጠፍኩት፣ ቱቦው ተወጠረ፣ መጋጠሚያው ላይ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ማጠፊያው ጋ ሲደርስ ቱቦው ጎማ መሆን አለበት፣ ብረት ቱቦ አይታጠፍም። ክንዱ ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ሳለ ቱቦው ዘና ብሎ ማየት አለብህ። ከሱቁ ከመውጣትህ በፊት እዚያው እያጠፉ ያሳዩህ።

ሐይቅ_ዳር

ፍሬን አለው። ጥሩ ነገር ነገርከኝ።

አንድ ሐሳብ ደግሞ መጣልኝ። ከኋላ ግድግዳው ማዶ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ክንዱ የሚነካበት ቦታ ላይ ጂፕሰሙን ቆርጬ ትንሽ ጎድጓዳ ባወጣለትስ? አንድ ጎረቤቴ እንደዚያ አድርጓል። ማጠፊያ መግዛት ይቀርልኝ ነበር።

ጋራዥ_በር

በፍጹም! ጋራዥና ቤት የሚገናኙበት ግድግዳ እሳት እንዲያዘገይ ተብሎ ነው በጂፕሰም የተሸፈነው። የግንባታ ሕጉ በጋራዡ በኩል ቢያንስ ግማሽ ኢንች ጂፕሰም ይጠይቃል። ጋራዡ ላይ መኝታ ካለ ደግሞ ጣሪያው ወፍራሙን፣ 5/8 ኢንች ያለውን ልዩ ዓይነት። እሱን በስተህ ቤንዚን የተሸከመ ጀልባ አፍንጫውን ወደ ልብስ ማጠቢያህ ታስገባለህ? የጎረቤትህ ግድግዳ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያም ፈቃድ አውጥቶ፣ ምሰሶውን አጠናክሮ፣ ትንሽ ማስፋፊያ የሚሠራ አለ። የቤቱን ግድግዳ ግን አትንካ።

ላኒየር_ልጅ | አትላንታ

እናንተ ሰዎች ለምን ትሰቃያላችሁ? እኔ ላኒየር ሐይቅ ላይ ዓመቱን ሙሉ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚያድረው። እዚያው ተዉት በቃ።

ቤቲ_ሴንትፖል

ወንድሜ፣ እኛ ዲሴምበር ላይ ሐይቁ ላይ በመኪና ነው የምንሄደው። ጀልባው በረዶ ውስጥ እንዲገነተር ነው የምትመክረው?

ላኒየር_ልጅ

ኧረ ይቅርታ፣ ረስቼው ነው። እግዜር ይርዳችሁ።

ጋሽ_ካቻቢቴ | ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ

ልጆች፣ ልኬቱን ጨረሳችሁ፤ ስለ እሳቱ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የተነገረው። እኔ አዲስ አበባ መካኒክ ነበርኩ፣ እዚህም መካኒክ ነኝ። ያንተ ጀልባ ሞተሩ በመኪና ሞተር ላይ የተሠራ ነው፣ ግን ሳጥን ውስጥ ተዘግቷል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ነው ሕጉ ጋራዥ ውስጥ ያለ የውሃ ማሞቂያ እሳቱ ከወለሉ ቢያንስ 18 ኢንች ከፍ እንዲል የሚያዘው። ጋራዥህ ውስጥ ማሞቂያ ካለ እሳቱ የት እንዳለ እይ። የጀልባው የቤንዚን መስመር ካረጀና ከተሰነጠቀ ከማስገባትህ በፊት ቀይረው። ሽታ ከሸተተህ አይግባ፣ አለቀ።

ሌላው፣ ጋራዥ ውስጥ ሞተሩን እንዳታስነሳ። “በሩን ከፍቼ ለአንድ አፍታ ነው” አይሠራም። የጭሱ መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ወደ ቤት ይገባል። ዘይት የምትቀይረውም አንቲፍሪዝ (በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከለውን ፈሳሽ) የምታጠጣውም ውጭ ሆነህ ነው። ሁሉን ጨርሰህ፣ ሞተሩ ሲበርድ ነው የምታስገባው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ማቆያውን (እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ) ጨምር፣ ሞተሩ እየሠራ ካርቡረተሩ ድረስ ይድረስ። ዘይቱን ሞቅ እያለ ቀይር። ከዚያ የሞተሩን ብሎክ የሁለቱን ጎን ታፖ (የውሃ መውጫ መድፈኛ) ፍታ። የጭስ መውጫውን ታፖም አትርሳ። ውሃው ካልወጣ በሽቦ ጎርጉረው፣ ዝገትና አሸዋ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ብዙ ሰው ታፖውን ፈትቶ ሁለት ጠብታ ሲያይ “ወጣ” ይላል። አልወጣም፤ ተደፍኗል! ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ሮዙን አንቲፍሪዝ አጠጣው። ለመኪና ራዲያተር የሚሆነውን አረንጓዴውን አይደለም፤ እሱ መርዝ ነው፣ ፀደይ ላይ ሐይቁ ውስጥ ትደፋዋለህ።

ባትሪውን አውጣና ቤት ውስጥ አኑር። የጭስ ማውጫውን አፍ ደግሞ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ድፈን፤ አይጥ ሞቃት ቤት ስትፈልግ አንደኛ ምርጫዋ እሱ ነው። ሜይ ላይ መንቀሉን እንዳትረሳ።

ሐይቅ_ዳር

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ማሞቂያው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ነው፣ እሱ በሰላም ነው። የታችኛውን የጀልባውን ታፖ ደግሞ ዊንተሩን ሙሉ ነቅዬ ልተወው?

ጋሽ_ካቻቢቴ

አዎ ልጄ። ሚኒሶታ ውስጥማ ሕግም ነው። ከሐይቅ ስትወጣ ታፖህን ነቅለህ፣ ውሃውን አፍስሰህ ነው መንገድ ላይ የምትወጣው። ዜብራ መስል የሚባለው፣ እንደ ሜዳ አህያ መስመር ያለው ትንሽ ባለ ሁለት ዛጎል ፍጥረት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይዛመት ነው። ታፖውን መሪው ላይ አንጠልጥለው፣ አይጠፋብህም።

ቦሌ_ሚካኤል | አዲስ አበባ

እኔ እያነበብኩ ነው የምስቀው። እዚህ ላንጋኖ ላይ ስኪ ስንሳብ ጀልባው የሎጁ ነው፤ ተሳብን፣ ወደቅን፣ ከፈልን፣ ወደ ቤት። ጀልባ የት ያድራል ብለን ጨንቆን አያውቅም። ግን የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፣ የሰያፉን ስሌት ሠርቼ አየሁት። ልክ ነው። የ20 ዲግሪው ነገር ገርሞኛል።

ዋዩ_ሠራተኛ

የውሃ ስኪው ራሱ የተወለደው ከእኔ ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። ሌክ ሲቲ የምትባል ከተማ፣ ፔፒን ሐይቅ ላይ፣ በ1922። ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ የጣውላ ጫፍ በፈላ ውሃ እያለሰለሰ አጎበጠና እግሩ ላይ አሰረው። ጣውላዎቹ 8 ጫማ ነበሩ። ያንተን ተጎታች ስፋት ያክላሉ። የት ያስቀምጣቸው እንደነበር እንጃ።

ጋራዥ_በር

ወደ ስፋቱ እንመለስ፣ እሱን ሳንጨርስ ሄድን። በርህ 16 ጫማ፣ ጋራዥህ 20 ጫማ ከ4። በሩ መሐል ላይ ስለሆነ በግራና በቀኝ 2 ጫማ ከ2 ኢንች ግድግዳ አለህ። ጀልባውን ከአንዱ የበር ጠርዝ አስጠግተህ በቀጥታ ካስገባኸው 8 ጫማ ይይዛል፤ ለመኪናዋ የበሩ 8 ጫማ ይቀርላታል። RAV4 ያለ ጎን መስታወት ከ6 ጫማ ብዙም አትበልጥም። መስታወቷን አጥፋ ትገባለች። ሾፌሯ የምትወርደው በውጭኛው ግድግዳ በኩል ስለሆነ ያቺ 2 ጫማ ከ2 ለእሷ በር መክፈቻ ትሆናለች። በጀልባው በኩል ያለችው ደግሞ መደርደሪያ ናት፤ ላይፍ ጃኬት፣ ስኪ፣ ገመድ፣ መርገጫው ራሱ።

ተመልከት እንግዲህ፤ ቀጥታ ካስገባኸው ሁለቱም ገቡ። ሰያፍ ብታደርገው ከሚስትህ ጋር ነበር የምትጣላው።

አገባቡ ላይ ጥንቃቄ። በፒካፕህ ወደ ኋላ እየገፋህ የጀልባው ኋላ ወደ ግድግዳው ይሂድ ወይስ አፍንጫው? በተለምዶ ኋላው ነው ቀድሞ የሚገባው፤ ክንዱ በር ጋ ይቀራል። ስለዚህ የምታጥፈው በሩ አጠገብ ነው፣ ግድግዳው ጋ አይደለም። ወደ መኪናዋ በኩል እንዳይታጠፍ፣ ማጠፊያውን ስታስገጥም አቅጣጫውን ንገራቸው። ወለሉ ላይ የተጎታቹ ጎማዎች የሚቆሙበት ቦታ ላይ እንጨት በብሎን እሰር፤ እዚያ ስትደርስ ጎማው ይነግርሃል። ከፒካፑ ከመፍታትህ በፊት በሁለቱም ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ አድርግ። የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ያዘነበለ ነው። ከ3 ሺህ ፓውንድ በላይ ነገር መንከባለል ከጀመረ በእጅ አይያዝም፣ እንዳትሞክረው።

የፌርፋክስ_ሰው | ቨርጂኒያ

እኔ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ነው ያለኝ። ባለ አንድ መኪና ጋራዥ፣ በሩ 8 ጫማ። ሌክ አና ላይ ለመጠቀም ተመሳሳይ ጀልባ እያየሁ ነው። ይሆናል?

ጋራዥ_በር

አይሆንም ወንድሜ። የተጎታቹ ስፋት 8 ጫማ ከሆነ በርህም 8 ጫማ ነው፣ የት ሊያልፍ? በሩን ማስፋት ደግሞ የላይኛውን ተሸካሚ እንጨት መቀየር ነው፣ ታውንሃውስ ላይ ከላይህ ቤት አለ። ጠባብ ተጎታች ያለው አነስ ያለ ጀልባ ፈልግ፣ ወይ ሐይቁ አካባቢ ተከራይ።

ሐይቅ_ዳር

ወገን፣ ልንገራችሁ። ማጠፊያው ተገጥሟል፣ ክሪኩ ወደ ኋላ ተዛውሯል፣ የፍሬኑ ቱቦ በጎማ ተቀይሮ እዚያው አጥፈው አሳይተውኛል። ብሎኩም በጋሼ መመሪያ ፈሷል። አንደኛው ታፖ እንዳሉት ተደፍኖ ነበር፤ በሽቦ ስጎረጉረው ቡናማ ውሃ ግልብጥ ብሎ ወረደ።

ጀልባው ገብቷል። በሩ ይዘጋል። RAV4ቷም ገብታለች።

አንድ የቀረችኝ፦ ፒካፔን ወደ ኋላ ስገፋ የበሩን የጎን እንጨት አላይም። ባለቤቴ ናት “ግራ፣ ቀኝ” የምትለኝ፣ የሷና የኔ ግራ ደግሞ አይስማማም።

ዋዩ_ሠራተኛ

ፒካፕህ ፊት ላይ ሂች (ተጎታች የሚያያዝበት መንጠቆ) አስገጥም። ፊት ለፊት እያየህ ትገፋዋለህ፣ ማንም ግራ ቀኝ አይልህም። የመጎተቻ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ለአብዛኛው ፒካፕ አለ።

ቤቲ_ሴንትፖል

ይሄን ባለቤትህ ካነበበች ሂቹን ዛሬውኑ ትገዛዋለች። መርገጫውን ግን የት አደረግከው?

ሐይቅ_ዳር

መደርደሪያው ገና አልተሠራም። ለጊዜው ሳሎን ሶፋው ኋላ ነው። እንዳትናገሪ።

የፌርፋክስ_ሰው

7 ጫማ ተኩል ተጎታች ያለው ሌላ አግኝቻለሁ! የጋራዤን ልኬት ልላክ?

ጋራዥ_በር

ላክ። በሩን ዘግተህ፣ ውስጥ ሆነህ ለካ። የበሩንም መክፈቻ ከጎማው ማሸጊያ እስከ ጎማው ማሸጊያ ያዝ፣ ከእንጨት እስከ እንጨት አይደለም። ከድራይቭዌይህ ፊት ለፊት ያለውንም የመንገድ ስፋት ጨምር፤ ታውንሃውስ ላይ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በሩ ጋ ሳይደርስ፣ መታጠፊያው ላይ ነው።